የሕፃናት ሐኪም ትምህርት በምን ዋጋ እንደ ተገኘ

በአሜሪካ አገር የሕክምና ትምህርቱን ፈጽሞ የሕፃናት ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ወጣት፣ ዲግሪውን ከተቀበለ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ በሆስፒታል ውስጥ ከመምህራን ሥር ሆኖ ይሠራል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ያለ ሐኪም «ሬዚደንት» ይባላል፤ ትርጓሜውም «ነዋሪ» ማለት ነው። ሥራውን በሚጀምርበት ሰሞን የትምህርቱ ዓላማ ተዘርዝሮ ይነገረዋል። ዓላማውም በስድስት ክፍል የተመደበ ነው። የመጀመሪያው በሽተኛን በሚገባ መንከባከብ፣ ሁለተኛው የሕክምናን ዕውቀት ጠንቅቆ ማወቅ፣ ሦስተኛው ከገዛ ሥራ መማርና ሥራን ማሻሻል፣ አራተኛው ከበሽተኛውና ከቤተ ሰቡ ጋራ በሚገባ መነጋገር፣ አምስተኛው የሙያን ክብርና ሥነ ምግባር መጠበቅ፣ ስድስተኛው ሕክምና የሚሰጥበትን ሥርዓት በሙሉ ዐውቆ በዚያው ውስጥ መሥራት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሲሆኑ፣ እነዚህን ስድስት ዓላማዎች በአሜሪካ የሐኪሞችን የልዩ ሙያ ትምህርት የሚቈጣጠረው ጉባኤ ያጸደቃቸው በ1999 ዓ.ም. ነው።

ይህን ዝርዝር እንዲሁ ላነበበው ሰው ከጽሕፈት ቤት እንደሚወጣ ትእዛዝ ደረቅ ነገር ይመስለዋል። ዳሩ ግን የሕፃናትን ሕክምና ታሪክ የተመለከተ ሰው፣ ከያንዳንዱ መስመር በስተኋላ የሞቱ፣ ዐይናቸው የጠፋ፣ ወይም ከእናታቸው ተለይተው ያለቀሱ ሕፃናት ቆመው ያያል። ከዚህም ሁሉ ጋራ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። አዲስ ሐኪም ሳይለማመድ ሊያውቅ አይችልም፤ የሚለማመደው ደግሞ በሰው ልጅ ላይ ነው። እንግዲህ ሕፃኑ የመማሪያ ዕቃ ሳይሆን ሐኪሙ እንዴት አድርጎ ይማር? የትምህርቱ ዓላማ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈለግ የተገኘ መሆኑን ከዚህ በታች ለማስረዳት እንሞክራለን።

በጥንት ዘመን የሕፃናት በሽታ የሐኪም ሥራ ተብሎ አይቈጠርም ነበር። የታመመ ሕፃን ለእናቱ፣ ለአያቱና ለአዋላጂቱ የተተወ ነበር። ሐኪሞችም ቢሆኑ ስለ ሕፃናት የሚጽፉት ስለ ሌላ ነገር በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ ጥቂት መስመር በመጨመር ነበር። ይሁን እንጂ በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዓመት የኖረው የፋርስ ተወላጅ አል ራዚ ስለ ሕፃናት በሽታ ብቻ የሚናገር ጽሑፍ ጽፎአል፤ ፈንጣጣና ኩፍኝ ልዩ ልዩ በሽታዎች መሆናቸውንም ለይቶ ገልጦአል። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ኒልስ ሮሴን ፎን ሮሰንስታይን የተባለው የስዊድን ሊቅ፣ የአገሩ የሳይንስ አካዳሚ በሚያሳትማቸው የቀን መቍጠሪያዎች ላይ ስለ ሕፃናት በሽታ ጥቂት በጥቂት እየጻፈ ካስተማረ በኋላ፣ ጽሑፎቹን ሰብስቦ በ1764 ዓ.ም. በመጽሐፍ መልክ አወጣቸው። ይህ መጽሐፍ ወደ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች ተተርጕሞ የብዙ ሐኪሞች መማሪያ ሆነ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ትምህርቱ መጀመሪያ የወጣው ለሊቃውንት በተጻፈ ድርሳን ሳይሆን በየቤቱ በሚገኝ የቀን መቍጠሪያ ላይ መሆኑ ነው።

በ1769 ዓ.ም. ደግሞ ጆርጅ አርምስትሮንግ የተባለ ሐኪም በሎንዶን ከተማ ለድኻ ሕፃናት መድኃኒት የሚሰጥበት ቤት ከፈተ። ሕፃናቱ ታይተው መድኃኒታቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር እንጂ በዚያ አይተኙም ነበር። አርምስትሮንግ ሕፃንን ከወላጆቹ ወይም ከሞግዚቱ ነጥሎ ማስተኛት ልቡን መስበር ነው ብሎ ያምን ነበርና። ይህ አሳብ በዚያን ጊዜ በቂ ሰሚ አላገኘም፤ ከዚህ በታች እንደምናየውም ሐኪሞች ወደዚህ አሳብ የተመለሱት ከ180 ዓመት በላይ ቈይተው ነው።

ለሕፃናት ብቻ የሆነው ታላቅ ሆስፒታል በፓሪስ ከተማ በሴቭር መንገድ በ1802 ዓ.ም. ተከፈተ። ከዚያ በኋላ በሎንዶን ቻርልስ ዌስት የተባለው ሐኪም ለብዙ ዓመታት ከደከመ በኋላ፣ በግሬት ኦርመንድ መንገድ በአንድ አሮጌ ቤት ውስጥ 10 አልጋዎች ያሉት የሕፃናት ሆስፒታል በየካቲት 14 ቀን 1852 ዓ.ም. ከፈተ። ዌስት ለተማሪዎቹ አጥብቆ ይነግራቸው የነበረው ነገር፣ ሕፃን በቃሉ ሊያስረዳ ስለማይችል ሐኪሙ የፊቱን መለዋወጥ፣ የልቅሶውን ዐይነትና የአተነፋፈሱን ሁኔታ እንደ አንድ ቋንቋ መማር ይገባዋል የሚል ነበር። ይህን ቋንቋ ያልተማረ ሰው የዐዋቂዎች ሐኪም ሆኖ ምንም ያህል ቢከበር፣ በሕፃን አልጋ አጠገብ ሲቆም እንደ እንግዳ አገር ሰው ነው። በሽተኛን በሚገባ መንከባከብ የሚለው የመጀመሪያው ዓላማ መሠረቱ ይህ ነው።

በአሜሪካ የዚህ ትምህርት አባት የሚባለው አብርሃም ጃኮቢ ነው። ጃኮቢ በጀርመን አገር በ1830 ዓ.ም. ተወለደ፤ በ1848ቱ አብዮት ምክንያት በአገሩ ከታሰረ በኋላ ወጥቶ በ1853 ዓ.ም. ኒውዮርክ ገባ። በ1860 ዓ.ም. በዚያች ከተማ በአንድ የሕክምና ኮሌጅ የሕፃናት በሽታ መምህር ሆነ፤ በአሜሪካም እንዲህ ያለ የመምህርነት ወንበር ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ተማሪዎቹን በሕፃናቱ አጠገብ አቁሞ እያሳየ ያስተምር ነበር። በ1888 ዓ.ም. የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በተቋቋመ ጊዜም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሱ ነበር።

በዚያ ዘመን ሕፃናትን ከሚፈጁት በሽታዎች አንዱ ዘጊ አነዳ ወይም ዲፍቴሪያ የሚባለው ነው። ይህ በሽታ በሕፃኑ ጕሮሮ ውስጥ እንደ ቆዳ ያለ ነጭ ሽፋን እያበቀለ የመተንፈሻውን ቧንቧ ይዘጋዋል። ጃኮቢ ስለዚህ በሽታ አንድ ሰፊ መጽሐፍ በ1880 ዓ.ም. አሳተመ። በጊዜው ስለ ዘጊ አነዳ ከሱ ይበልጥ የሚያውቅ ሐኪም በአሜሪካ አገር ማግኘት የሚያስቸግር ነበር። ሚስቱ ሜሪ ፑትናምም የታወቀች ሐኪም ነበረች። ነገር ግን በ1883 ዓ.ም. ይኸው በሽታ ቤታቸው ገብቶ ኤርንስት የተባለውን ትንሽ ልጃቸውን ገደለባቸው። አባቱ መጽሐፉን ጽፎ ነበር፤ እናቱም ሐኪም ነበረች፤ ሁለቱም በልጃቸው አልጋ አጠገብ ቆመው ሳለ ልጁ ሞተ። ከዚህ የምንረዳው፣ የአንድ ሰው ዕውቀት የቱን ያህል ቢጠልቅ ብቻውን በሽታን የማያሸንፍ መሆኑን ነው። የእጅ ጥበብና የሌሎች ሊቃውንት ምርምር ያስፈልገዋል።

በዚያው በኒውዮርክ ከተማ የተጣሉ ሕፃናት በሚያድጉበት ሆስፒታል የሚሠራ ጆሴፍ ኦድዋየር የሚባል ሐኪም ነበረ። ኦድዋየር በዘጊ አነዳ ታንቀው የሚሞቱትን ሕፃናት እያየ ብዙ ዘመን ካዘነ በኋላ፣ በአፍ በኩል ወደ መተንፈሻው ቧንቧ የሚገባ ትንሽ የብረት ቱቦ ለመሥራት ተነሣ። መጠኑንና ቅርጹን ያስተካከለው በሞቱ ሕፃናት ጕሮሮ እየለካ ነው። ለዓመታት ከደከመ በኋላ በ1885 ዓ.ም. ሥራውን ለሐኪሞች ገለጠ። ቱቦውን ያለ ጕዳት ለማስገባት የሚያስፈልገው ግን የጣት ልምድ ነበር፤ ይህም ልምድ ከመጽሐፍ የማይገኝ ነው። ኋላም በ1890 ዓ.ም. ቤሪንግና ኪታሳቶ በጀርመን አገር የበሽታውን መርዝ የሚያከሽፍ ፈውስ በደም ውስጥ መኖሩን ገለጡ። በ1894 ዓ.ም. ኤሚል ሩ በፓሪሱ የሕፃናት ሆስፒታል ከፈረስ ደም የተገኘውን ሴረም በሰጠ ጊዜ፣ በዘጊ አነዳ ታመው ከሚገቡት ሕፃናት መካከል ግማሽ ያህሉ ይሞቱ የነበረው ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። ይህ የሆነው ትንሹ ኤርንስት ከሞተ ከ11 ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ ዕውቀትም የእጅ ልምድም ያስፈልጋል ከተባለ፣ ልምዱ የት ይገኛል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው በባልቲሞር ከተማ በ1889 ዓ.ም. የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ነው። በዚያም ዊልያም ኦስለር የውስጥ ደዌ ሕክምና አለቃ፣ ዊልያም ሃልስቴድ ደግሞ የቀዶ ጥገና አለቃ ሆነው፣ ከጀርመን አገር የሕክምና ቤቶች የቀሰሙትን አሠራር ከገዛ አሳባቸው ጋራ አዋሕደው አዲስ ሥርዓት አቆሙ። ወጣቶቹ ሐኪሞች በዚያው በሆስፒታሉ ግቢ ይኖሩ ነበር፤ «ነዋሪ» የሚለውም ስም ከዚህ የመጣ ነው። ሌሊትም ቀንም ከበሽተኛው አይርቁም። መጀመሪያ ያያሉ፣ ቀጥሎ በታላቅ ወንድማቸው ፊት ይሠራሉ፣ በመጨረሻም ራሳቸው ሠርተው ታናናሾቻቸውን ያስተምራሉ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ኀላፊነቱ የሚጨመርላቸው በደረጃ ነበር። ለጀማሪው ሐኪም ነጻነት የሚሰጠው ጥበቡ በሚፈቅደው መጠን ብቻ ስለ ሆነ፣ ከላይ ላነሣነው ጥያቄ የተገኘው ትልቁ መልስ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሥርዓት ለሕፃናት የገባው ደግሞ በአንዲት እናት ኀዘን ምክንያት ነው። ሃሪየት ሌን ጆንስተን ሚስት ያልነበረው የፕሬዚዳንት ቡካናን የእኅት ልጅ ስትሆን፣ አጎቷ በሥልጣን ላይ በነበረበት ጊዜ በቤተ መንግሥቱ እንግዶችን የምትቀበል እመቤት ነበረች። የነበሯትን ሁለት ወንዶች ልጆች ገና ለጋ ሳሉ ሞት ወሰደባት። ስለዚህ በኑዛዜዋ ለታመሙ ሕፃናት መታከሚያ የሚሆን ብዙ ገንዘብ ትታ ሞተች። በዚህም ገንዘብ የተሠራው የሃሪየት ሌን ቤት በጆንስ ሆፕኪንስ ግቢ በ1912 ዓ.ም. ተከፍቶ የብዙ ሕፃናት ሐኪሞች ማሠልጠኛ ሆነ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶም የዚያ ቤት ሬዚደንቶች የመድኃኒትን መጠንና አስቸኳይ ሕክምናን የሚመለከቱ ማስታወሻዎችን ሰብስበው በኪስ የሚያዝ መጽሐፍ አዘጋጁ። ይህን መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ በየጊዜው የሚያድሱት እዚያው የሚሠለጥኑት ወጣቶች ናቸው። ያልለመደ ሰው ሌሊት ምን እንደሚቸግረው የሚያውቀው ትናንት ያልለመደ የነበረው ነውና።

በዚያው በሃሪየት ሌን ቤት የልብ በሽታ ክፍል ኀላፊ የነበረችው ሄለን ታውሲግ በወጣትነቷ የመስማት ኀይሏ እየደከመ ሄደ። የሕፃናትን የልብ ትርታ በማዳመጫ መስማት ቢያስቸግራት፣ በጣቶቿ ደረታቸውን እየዳሰሰች የልባቸውን ሁኔታ ለማወቅ ራሷን አስተማረች። የደማቸው መንገድ ሲፈጠር ጀምሮ የተበላሸ ስለ ሆነ ሰውነታቸው ሰማያዊ የሚመስለውን ሕፃናት ስትመረምር፣ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ማነሱን ተረዳች። ይህን አሳቧን ለቀዶ ጥገና ሐኪሙ ለአልፍሬድ ብላሎክ ነገረችው። ቪቪየን ቶማስ የተባለው ጥቍር አሜሪካዊ ረዳትም ቀዶ ጥገናውን በውሾች ላይ እየሞከረ አበጀው። በኅዳር 29 ቀን 1944 ዓ.ም. ብላሎክ በአንዲት ሕፃን ላይ ቀዶ ጥገናውን ሲያደርግ፣ የሐኪም ማዕርግ ያልነበረው ቶማስ ከኋላው ቆሞ ይመራው ነበር። ከዚህ በኋላ ለሐኪም የሚገባው ትምህርት ሁለት ዐይነት ነው ማለት ይቻላል፤ አንደኛው በትዕግሥት መዳሰስ፣ ሁለተኛው ማዕርጉ ከሱ ያነሰ ቢሆንም ከሚያውቀው ሰው መማር ነው።

አሁን ደግሞ ሐኪሞች በቅን ልቡና ስላደረሱት ጕዳት እንናገር። በ1942 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ የሚሠራ ቴሪ የተባለ የዐይን ሐኪም ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ከዚህ በፊት ያልታወቀ ዕውርነት መድረሱን ገለጠ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በዓለም ላይ ወደ 10,000 የሚሆኑ ሕፃናት ዐይናቸው ጠፋ። የሚያስደንቀው ነገር፣ በሽታው የበዛው መልካም መሣሪያና ብዙ ገንዘብ በነበራቸው ሆስፒታሎች ነበር። በ1951 ዓ.ም. ኬት ካምቤል የምትባል የአውስትራሊያ ሐኪም ምክንያቱ ያለ መጠን የሚሰጠው ኦክስጅን ሳይሆን አይቀርም አለች። በ1953 እና በ1954 ዓ.ም. በአሜሪካ በ18 ሆስፒታሎች በተደረገ ምርመራም እውነት ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ሕፃናቱን ለማዳን ብለው የሰጡት አየር ዐይናቸውን አጠፋ። ከዚያም በኋላ በድንጋጤ ኦክስጅኑን ከሚገባው በታች ቢያሳንሱት፣ በአየር ማነስ የሚሞቱትና የሚሰናከሉት ሕፃናት በዙ። ስሕተትን በሌላ ስሕተት ማረም እንዳይገባ ይህ በቂ ምስክር ነው።

እንዲሁም በ1959 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ የሚሠሩ ሐኪሞች፣ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ከበሽታ ይጠብቃቸዋል ተብሎ የሚሰጠው ክሎራምፌኒኮል የተባለ መድኃኒት ብዙዎቹን እንደ ገደለ አስታወቁ። ለዐዋቂ የሚጠቅመው ይህ መድኃኒት በአራስ ሕፃን ጉበት ሊለወጥና ከሰውነት ሊወጣ ባለመቻሉ እየተጠራቀመ ይመርዘዋል፤ ሕፃኑም ሰውነቱ ዐመድ መስሎ ይሞታል። እንግዲህ ሕፃን በቁመቱ ብቻ ያነሰ ዐዋቂ አይደለም፤ አካሉ የሚሠራበት ሕግ ልዩ ነው። ሦስተኛው ዓላማ፣ ከገዛ ሥራ መማር የሚለው፣ ከነዚህ ነገሮች የተገኘ ትምህርት ነው። ሬዚደንቱ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ሕፃኑን መዝኖ መጠኑን እንዲያሰላ፣ የታወቀውን ልማድም «በእውነት ይጠቅማል ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚታዘዘው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ሌላ በሥጋ ላይ የማይታይ ቍስል ነበረ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝና በአሜሪካ የሚገኙ ብዙ ሆስፒታሎች በሽታ እንዳይዛመት በመፍራትና ሥራ እንዳይታወክ በማሰብ ወላጆችን ከልጆቻቸው ይለዩ ነበር። በአንዳንዱ ሆስፒታል እናት ልጇን የምታየው በሳምንት አንድ ቀን፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። ልጁ መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ኋላ ዝም ይላል። ሐኪሞቹም ዝምታውን እንደ መልመድ ቈጠሩት። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ የነበረው ጄምስ ስፔንስ ከ1920ዎቹ አንሥቶ እናቶችን ከታመሙት ሕፃናት ጋራ በሆስፒታል እያስተኛ፣ ልጆቻቸውን ራሳቸው እንዲያስታምሙ አደረገ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ጄምስ ሮበርትሰን ለቀዶ ጥገና ሆስፒታል ገብታ ስምንት ቀን ያለ እናቷ ስለ ቈየች የሁለት ዓመት ልጅ ፊልም አንሥቶ ለሐኪሞች አሳየ። ብዙዎቹ ተቈጡ፤ ዳሩ ግን ያዩትን ሊረሱት አልቻሉም። በ1959 ዓ.ም. በመንግሥት የተሾመ ኮሚቴ ወላጆች በፈለጉት ሰዓት ልጃቸውን እንዲጠይቁና እናቶችም አብረው እንዲተኙ አሳሰበ። አርምስትሮንግ የተናገረው ነገር በዚህ ጊዜ ተሰማ። አራተኛው ዓላማ፣ ከቤተ ሰብ ጋራ በሚገባ መነጋገር፣ ከዚህ የወጣ ነው፤ እናት በሕፃናት ክፍል እንግዳ ሳትሆን የሕክምናው ተካፋይ ናትና።

ይሁን እንጂ ሁሉም ቤት ለሕፃን መጠጊያ አይደለም። በ1962 ዓ.ም. በዴንቨር ከተማ የሚሠራው ሄንሪ ኬምፕ ከጓደኞቹ ጋራ ሆኖ፣ በወደቀ ወይም በተጋጨ ስም ወደ ሆስፒታል የሚመጡ ብዙ ሕፃናት በገዛ አሳዳጊዎቻቸው የተደበደቡ መሆናቸውን ጽፎ ገለጠ። ሐኪሞች ከዚያ በፊትም የተሰበረውን አጥንት ያዩ ነበር፤ ምክንያቱን ማሰብ ግን ይከብዳቸው ነበር። ከዚህ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሐኪም እንዲህ ያለ ነገር ሲጠረጥር ለሚመለከተው ባለ ሥልጣን እንዲያስታውቅ የሚያስገድዱ ሕጎች በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ወጡ። አምስተኛው ዓላማ የሙያን ሥነ ምግባር ሲል፣ መልካም ጠባይ መያዝን ብቻ ሳይሆን፣ መናገር የማይችለውን ሕፃን ወክሎ መናገርንም ይጨምራል።

ስድስተኛውን ዓላማ ለመረዳት ከሆስፒታል ወጥተን ወደ ሕንድ ወሰን እንሂድ። በ1971 ዓ.ም. ከምሥራቅ ፓኪስታን፣ ማለትም ከዛሬዪቱ ባንግላዴሽ፣ በጦርነት ምክንያት የተሰደደው ሕዝብ በቦንጋኦን ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገባበት። በዚያ የነበረው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ በሙያው የሕፃናት ሐኪም ነበር። አልጋዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ በደም ሥር የሚሰጠውም ፈሳሽ ሊያልቅ ተቃረበ። ስለዚህ ጨው፣ ግሉኮስና ሶዳ በልክ ተደባልቆ በውኃ እንዲበጠበጥ አዘዘ፤ ሙያ የሌላቸው ሰዎች፣ ማለት እናቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ ለታመመው ቤተ ሰባቸው በኩባያ እንዲያጠጡ አደረገ። በዚያ ሰፈር 30 በመቶ ገደማ የነበረው የሚሞተው ሰው ቍጥር ከ4 በመቶ በታች ወረደ። ዛሬ በያገሩ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እየተባለ በተቅማጥ ለተያዘ ሕፃን የሚሰጠው ይኸው ነው። ማሃላናቢስ መድኃኒቱን ከሐኪም እጅ አውጥቶ በእናት እጅ በማኖሩ ብዙ ነፍስ አዳነ። እንግዲህ ሐኪም በአልጋ ላይ የተኛውን አንዱን ብቻ ሳይሆን፣ ከደጅ የቀረውንም ማሰብ አለበት።

በመጨረሻም የሚሠለጥነው ራሱ ሰው መሆኑ ተዘንግቶ ነበር። «ነዋሪ» የተባለው ወጣት ቀንና ሌሊት ሳይተኛ ሲሠራ መኖሩ ለረጅም ዘመን እንደ ጀግንነት ይታይ ነበር። በ1984 ዓ.ም. በኒውዮርክ በአንድ ሆስፒታል አንዲት የ18 ዓመት ተማሪ በገባች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብትሞት፣ ያከሟት ጀማሪ ሐኪሞች የሥራ ብዛትና በላያቸው ሆኖ የሚቈጣጠራቸው ሰው ማነስ ከፍርድ ሸንጎ እስከ ጋዜጣ አከራከረ። ከዚህም የተነሣ የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በ1989 ዓ.ም. የሬዚደንት ሥራ በሳምንት ከ80 ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነ፤ በ2003 ዓ.ም. ይህ ውሳኔ ለመላው አሜሪካ ሆነ። አንዳንድ መምህራን ሰዓቱ ካነሰ ልምዱም ያንሳል ብለው ይሠጋሉ፤ ሥጋታቸውም ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን እንቅልፍ ባሸነፈው እጅ የሚገኝ ልምድ ዋጋውን የሚከፍለው ሕፃኑ ነው።

ይህ ሁሉ ታሪክ በባሕር ማዶ የተደረገ ቢሆንም አገራችንን የማይመለከት አይደለም። በጎንደር በ1954 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተ ሰብ ነርሶችንና የጽዳት ሠራተኞችን ለገጠሩ ሕዝብ አንድ ላይ ሲያሠለጥን፣ ስድስተኛው ዓላማ ገና በወረቀት ሳይጻፍ ትርጕሙን ይዞ ነበር ማለት ይቻላል። የሕክምና ፋኩልቲ በአዲስ አበባ በ1964 ዓ.ም. ተቋቋመ። ሮሰንስታይን የተነሣባት የስዊድን አገርም በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ ጋራ ተባብራ በአዲስ አበባ በሕፃናት ሕክምናና በሕፃናት አመጋገብ ሥራ ተካፋይ ሆናለች፤ ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብም ከዚህ ሥራ የተገኘ ነው። በ2000 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ይህ ቍጥር ወደ 67 ወርዶአል። ይህን ያደረገው የስፔሻሊስት ሐኪም እጅ ብቻ አይደለም፤ ክትባት፣ ምግብ፣ ንጹሕ ውኃና በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሁሉ ተባብረው ነው። ዳሩ ግን 67 ብለን የጻፍነው ቍጥር ዛሬም የሚያስለቅሳቸው እናቶች አሉት።

ስለዚህ በያለበት አዲስ የሕፃናት ሐኪም የሚያሠለጥን መምህር፣ የትምህርቱን ዓላማ በወረቀት ጽፎ ሲሰጥ ታሪኩንም አብሮ ቢነግር መልካም ነው። ያለዚያ ተማሪው በያንዳንዱ መስመር አጠገብ ምልክት እያደረገ ሊያልፍ ይችላልና። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የሚመጣበትን ሳያውቁ በጥድፊያ የተቀበሉት ሕግ ችግር በመጣ ጊዜ ይላላል። ሕፃኑን የመመዘኑ ትእዛዝ ክሎራምፌኒኮል የገደላቸውን ሕፃናት፣ እናቲቱን የማስገባቱ ትእዛዝ ብቻዋን ስምንት ቀን የቈየችውን ልጅ የሚያስታውስ መሆኑን የተረዳ ሐኪም ግን፣ የሚያየው ሰው በሌለበት ሌሊትም ቢሆን አይተላለፈውም።

መጀመሪያ የጠየቅነው ጥያቄ አሁንም አለ። ጀማሪ ሐኪም የሚማረው በሰው ልጅ ላይ ነው፤ ይህን ሊያስቀር የሚችል ጥበብ እስከ ዛሬ ድረስ አልተገኘም። ሊደረግ የሚቻለው፣ የጀማሪው እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚደግፈው የመምህር እጅ በአጠገቡ እንዲገኝ፣ የማያውቀውንም «አላውቅም» ብሎ ለመጠየቅ እንዳያፍር ማድረግ ነው። የቀደሙት ሕፃናት የከፈሉት ዋጋ ተከፍሎአል፤ ሊመለስም አይችልም። ለሚቀጥሉት ሕፃናት ያ ዋጋ ሁለተኛ እንዳይጠየቅባቸው ማድረግ ግን የሚያስተምረውም የሚማረውም ሰው ዕዳ ነው።